ሥዕልን ስለ ማመቅና ዋናውን ስለ መጠበቅ

ጥበብ በየጊዜው እየታደሰ ሲሄድ ጥቅሙንና ጉዳቱን መርምሮ መቀበል ለመንግሥት ሠራተኛም ለቤተ ክርስቲያን ሊቅም የሚገባ ሥራ ነው። ዛሬ መሥሪያ ቤቶችና አድባራት ማስታወቂያቸውንና ፎቶግራፋቸውን በድረ ገጽ ማውጣት አዘውትረዋልና፥ ሥዕል በምን ዐይነት ፋይል ለሕዝብ መድረስ እንደሚገባው ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን።

በሞባይል ስልክ ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ባወረደው መጠን ነው። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ሥዕሉን ሳያምቅ ከካሜራው እንደ ወጣ ቢለጥፈው፥ የቸልታው ዋጋ የሚወድቀው በባለጉዳዩ ላይ ነው።

ለዚህ የሚረዳው መሣሪያ ከተገኘ ቈይቷል። ጄፔግ የሚባለው ዐይነት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1992 ደንብ ሆኖ ከጸና ጀምሮ እስከ ዛሬ ያገለግላል። በ2010 ጉግል ያወጣው ዌብፒ፥ ኩባንያው ራሱ እንደ ገለጠው፥ በተመሳሳይ ጥራት ከጄፔግ ከ25 እስከ 34 በመቶ ያነሰ ነው። በ2019 የወጣው ኤቪአይኤፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚህም ያንሳል። ሁለቱንም እነ ክሮም፥ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ይከፍቷቸዋል። አሮጌ መሣሪያ ለያዘ ሰው ጄፔጉን በአጠገባቸው ማኖር ይቻላል።

ነገር ግን ማመቅ ሁለት ዐይነት መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛው ያለ ግድፈት የሚያምቅ ነው፤ ሲፈታ ሥዕሉ ምንም ሳይጐድል እንደ ቀድሞው ይመለሳል። ሁለተኛው በግድፈት የሚያምቅ ነው፤ ዐይን አያስተውለውም ተብሎ የታሰበውን ይጥላል፥ የጣለውንም አይመልስም። በግድፈት የታመቀ ሥዕል እየተከፈተ ደጋግሞ ሲታመቅ፥ ከቅጂ ላይ ቅጂ እንደሚገለብጥ ጸሐፊ በስሕተት ላይ ስሕተት ይጨምራል።

ይህ ነገር ስለ ብራና መጻሕፍት እጅግ ያሳስባል። በግድፈት የሚያምቀው ዌብፒ የቀለሙን ዝርዝር በቁመትም በወርድም በግማሽ ቀንሶ ይይዛል። ይህ ለስብሰባ ፎቶግራፍ ጉዳት የለውም፤ በቀይ ቀለም የተጻፈ ቅዱስ ስም ግን ጠርዙ ሊደበዝዝ ይችላል። በፊደላችንም ሉና ሊ የሚለዩት ቅጥላቸው ከወገብ ወይም ከእግር በመውጣቱ ብቻ ነውና፥ አንዲት ጭረት ብትደበዝዝ ንባቡ ያጠራጥራል።

ሁለት ቅጂ መያዝ ወጪ ያበዛል የሚል አይጠፋም። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ግን ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላም ለሊቃውንት ማመሳከሪያ ነው። ዛሬ የሚነሣውም ፎቶግራፍ ለሚመጣው ትውልድ እንዲሁ ይሆናል። ብራናው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ዳግመኛ ፎቶግራፍ ሊነሣ አይችልም፤ የማስቀመጫ ዕቃ ግን በገንዘብ ይገዛል።

እንግዲህ ለሕዝብ የሚታየው ሥዕል በዌብፒ ወይም በኤቪአይኤፍ ታምቆ ይውጣ፤ ዋናው ቅጂ ያለ ግድፈት፥ ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ ይጠበቅ። ዐዋጅና መመሪያ ደግሞ በሥዕል ፈንታ በፊደል ቢወጣ ከሁሉ ይቀላል፥ ቃሉንም ፈልጎ ለማግኘት ይመቻል። የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎችና የየገዳማቱ አበው ይህን ለባለሙያዎቻቸው ቢያዝዙ፥ ለዛሬው ባለጉዳይ ገንዘቡን፥ ለነገው አንባቢ ንባቡን ጠበቁለት ማለት ነው።