የአሸዋው ወንዝ ይነገር

ማር የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «የየት አገር ማር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሲሚንቶ የሚገዛም የፋብሪካውን ስም ያነባል፤ ብረት የሚገዛ ውፍረቱን ይለካል። አሸዋ የሚገዛ ሰው ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የአንዱ መኪና ጭነት ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ነው። በኋላ ልስኑ ሲረግፍ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ወቀሳው በሲሚንቶ ሻጩ ላይ ይወድቃል። አሸዋው ስም የለውምና አይከሰስም። በሰቆጣና በመላው ዋግ ሕምራ የሚነግዱ ሰዎች ይህን ልማድ ሊያርሙት ይገባል።

አሸዋ የተራራ ልጅ ነው፤ ወንዝ ይሸከመዋል እንጂ አይወልደውም። የዋግ ደጋ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ በተዘረጋው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለት በባዛልት፣ የተሸፈነ ነው። ወደ ተከዜ ቆላ ሲወረድ ከባዛልቱ ሥር የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም በታች እጅግ ጥንታዊ የሆነው የመሠረት ዐለት ይገለጣል። በመቀሌ ዙሪያ ደግሞ የእንጣሎ የኖራ ድንጋይ አለ። እንግዲህ ከዋግ ደጋ የሚወርደው ጸላሪና ከመቀሌ በኩል የሚመጣው ገባ ሁለቱም ወደ ተከዜ ቢገቡም፣ የሚያመጡት አሸዋ አንድ ዓይነት ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ከድንጋዩ ዓይነት ቀጥሎ ያለው ዳኛ መበስበስ ነው። በባዛልት ውስጥ የሚገኙት እንደ ኦሊቪን ያሉ ማዕድኖች ውሃና አየር ሲነካቸው ቶሎ ተለውጠው ጭቃ ይሆናሉ፤ በደጋው ሜዳ የሚታየው ዋልካ አፈር የዚሁ መበስበስ ውጤት ነው። ኳርትዝ ግን ጽኑ ስለ ሆነ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እርሱ ይቀራል። በዋግ ተራራው ገደላማ፣ ክረምቱም አጭር በመሆኑ፣ ጎርፉ ድንጋዩን በስብሶ ሳያልቅ ነጥቆ ያወርደዋል። ስለዚህ በአሸዋው ውስጥ የባዛልት ስባሪ በብዛት ይገኛል። የዓባይን ገባሮች ያጠኑ ሊቃውንትም ይህንኑ ልዩነት አይተዋል፤ በሱዳን አትባራ የሚባለው የተከዜ ወንዝ አሸዋ የባዛልት ስባሪ የበዛበት ሲሆን፣ የነጭ ዓባይ አሸዋ ከሞላ ጎደል ኳርትዝ ብቻ ነው።

ይህም ሲባል ጥቁር አሸዋ መጥፎ፣ ነጭ አሸዋ መልካም ነው ማለት አይደለም። ያልበሰበሰ ባዛልት ጠንካራ ነው፤ ለአርማታ የሚሆነው ጠጠርም በብዙ ቦታ ከእርሱ ይፈጨል። የሚያስፈራው በጣት ሲታሽ የሚፈርሰው የበሰበሰው ነው። ከእርሱ ጋር የሚመጣው ጭቃ የአሸዋውን ቅንጣት ሸፍኖ ሲሚንቶው እንዳይይዘው ያደርጋል። በአገራችን የሕንፃ ሥራ ደንብ በአሸዋ ውስጥ ያለው ጭቃና ደለል ከመቶ 6 እንዳይበልጥ የተባለውም ስለዚህ ነው።

ሌላም ስውር ጠላት አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. በወሎ፣ በወገልጤና አካባቢ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ኦፓል መገኘቱ ለጌጥ ንግድ በረከት ሆኗል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ማዕድን በአሸዋ ውስጥ ተቀላቅሎ ሲገኝ በሲሚንቶው ውስጥ ካለው አልካሊ ጋር ተዋሕዶ ያብጣል፤ አርማታውንም ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ይህንን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ቶማስ ስታንተን የተባለ መሐንዲስ ገልጦታል። ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ስለ ሆነ፣ የአሸዋው ወንዝ ያልተጻፈለት ባለቤት ምክንያቱን የሚያገኝበት መንገድ የለውም።

«ገዢው የሚፈልገው ርካሽ ብቻ ነው፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ድካሙ ግን ትንሽ ነው። አሸዋውን በጠርሙስ አድርጎ ጥቂት ጨው ከገባበት ውሃ ጋር ናጥ ናጥ ማድረግና ለሦስት ሰዓት ያህል ማስቀመጥ ነው፤ አሸዋው ከታች ይሰፍራል፣ ጭቃው ከላይ ተለይቶ ይታያል። ሎሚ ሲጨመቅበት የሚፈላው ቅንጣት የኖራ ድንጋይ አለበት ማለት ነው። የኦፓሉን ነገር ግን ዓይንም ጠርሙስም አይለየውም፤ ለትልቅ ሕንፃ የሚሆን አሸዋ ወደ መመርመሪያ ቤት ሊላክ ይገባል።

እንግዲህ ሦስት ነገር ይደረግ። አሸዋ ሻጩ በደረሰኙ ላይ የወንዙን ስምና የተቆፈረበትን ቦታ ይጻፍ። ሲሚንቶ ሻጩ ደንበኛውን «አሸዋህ ከየት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የነጋዴዎቹም ማኅበር ከየወንዙ የተወሰደ ናሙና በጠርሙስ አኑሮ ለሚጠይቅ ሁሉ ያሳይ። ንጹሕ አሸዋ ያለው ሰው በዚህ አይጎዳም፤ ይልቁንም የተሻለ ዋጋ ለመጠየቅ ማስረጃ ያገኛል። የሌላውን ጥፋት ሲሸከም የኖረው ሲሚንቶ ሻጭም ስሙን ያድናል።