ላም አለኝ በሰማይ

«ተሳፋሪ ሲበዛ ባቡር ይጨመራል» የሚሉን ወገኖች ነገሩን ገልብጠው ይዘውታል። ያመለጠው መንገደኛ እስከ ማግስቱ የሚጠብቀው ባቡር ተሳፋሪ ከየት ይበዛለታል?

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ከአዳማ ወዲያ ሐዲዱ ነጠላ ነው፤ ባቡሮች የሚተላለፉት መተላለፊያ ባለበት ስፍራ ብቻ ነው። 

ነጠላ ሐዲድ ግን ሰበብ አይሆንም። በእንግሊዝ አገር የኦክሃምፕተን የገጠር መስመርም በአመዛኙ ነጠላ ነው። በ1972 መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር። ሐዲዱ ታድሶ በ2021 ባቡሩ በየሁለት ሰዓቱ፣ በ2022 ደግሞ በየሰዓቱ ይመላለስ ጀመር። መስመሩ ከእኛው እጅግ ያጠረ መሆኑ አይካድም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ አስቀድሞ ባቡር፣ ቀጥሎ ተሳፋሪ።

ስለዚህ መተላለፊያዎች ይጨመሩ። በአዳማና በድሬዳዋ መካከል ጧትና ማታ፣ በማይዛነፍ ሰዓት፣ በየትንንሹ ጣቢያ የሚቆም የመንገደኛ ባቡር ይመደብ። ከከተማ ርቀው ለተሠሩት ጣቢያዎችም አውቶቡስ ይዘጋጅ። አለዚያ ሐዲዱ ለባላገሩ በሰማይ ያለች ላም ናት፤ ወተቷን አያይም።

ደግሞስ ይህን ለእኛ ማን ያስተምረናል? እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም፤ የወለዳት ባቡሩ ነው። የያኔዎቹ ሰዎች «ተሳፋሪ ይብዛና» ብለው ቢጠብቁ ኖሮ፣ ድሬዳዋ ዛሬም ባዶ ሜዳ በሆነች ነበር።