ድመት መንኩሳ

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት በእኔዋ ድመት ላይ የተተረተ ይመስለኛል። 14 ዓመት ሞልቷታል። ኩላሊቷ መታመሙን የነገረኝ የእንስሳት ሐኪም፣ ፎስፈረስ የሚበዛበትን ምግብ፣ ይልቁንም አጥንትን፣ እንድከለክላትና ውኃ እንዳበዛላት አዘዘኝ። ለእርሷ ግን ከጫሞ ሐይቅ ቆሮሶ ራስና እሾህ በቀር ምግብ የለም። የተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ባቀርብላት አሽትታው ጀርባዋን ሰጠችኝ።

አንድ ቀን ሙሉ ጾመች። ለካ ድመት ለቀናት ከጾመች ጉበቷም ይታመማል! ስለዚህ ታረቅን፤ እሾሁ የወጣለት ጥቂት የዓሣ ሥጋ ከእንቁላሉ ነጭ ጋር ለውሼ፣ በውኃ አርሼ፣ ለብ አድርጌ ሰጠኋት። በላች። ሐኪሙ ካዘዘው ሁሉ የምትበላውን መረጥኩ፤ ያልተበላ መድኅን አያድንምና።

የባንክ ባልደረባዬ «ሰው በሚራብበት አገር!» ሲል ወቀሰኝ። ወቀሳው ከባድ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን 14 ዓመት ደጄን የጠበቀችን ፍጥረት በእርጅናዋ ብጥላት ለተራበው እንጀራ አይሆነውም። ርኅራኄ እንደ ቁጠባ ደብተር አይደለም፤ ወጪ በተደረገ ቁጥር አይጎድልም። እንዲያውም እጅ መዘርጋትን የሚለምደው ከቅርቡ ጀምሮ ነው።

ወዳጆቼ፣ እናንተስ ትፈርዱብኛላችሁ?