ቀዩ እስክሪብቶና ይሉኝታ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት አነስተኛ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ዝግጅት ክፍል አምስት ሆነን እንሠራ ነበር። አዘጋጁ እኔ ነበርሁ። መጽሔቲቱ ገንዘብ አልነበራትም፤ ስም ግን ነበራት። ስሟም በጽዳቷ የመጣ ነበር፤ ፊደል የማይገደፍባት፣ ሥርዓተ ነጥቧ የተጠበቀ፣ ሃሌታው «ሀ» ከሐመሩ «ሐ»፣ ንጉሡ «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» የማይምታታባት ትባል ነበር። ይህ ሁሉ የእኔ የቀይ እስክሪብቶ ፍሬ እንደሆነ አምን ነበርና በልቤ እኮራ ነበር።

በአንድ እትም ላይ፣ ለብዙ ዓመታት ብዕራቸውን ሰቅለው የኖሩ አንድ አዛውንት መምህር ዐሥራ ስድስት ስንኝ ያላት ግጥም ሰጡን። መጽሔቲቱ ታትማ ስትወጣ ግጥሟ ዐሥራ አራት ስንኝ ብቻ ይዛ ተገኘች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከገጹ ግርጌ ተቆርጠው ቀርተዋል። ግጥም የሚወድ ሰው በዚያ ቦታ ሁለት ስንኝ ሲጎድል ምን እንደሚጎድል ስለሚያውቅ አላብራራም፤ ሰሙ ታትሞ ወርቁ ቀረ ማለት ይበቃል።

እውነቱን ለመናገር፣ ስሕተቱን ያወቅሁ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ አዛውንቱ አልነበረም፤ ስለ ራሴ ስም ነበር። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ደግሞ ባሰ። ገጾቹን የሚያቀናብረው ወጣት ጉድለቱን ሥራው ማተሚያ ቤት በሚገባበት ዋዜማ ሌሊት አይቶት ኖሯል።

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ቆየና፣ «ጋሼ፣ ልደውልልዎ ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቼ ነበር። ምን እንደሚሉኝ ሳስብ መልሼ አስቀመጥሁት» አለኝ።

ምን እለው እንደነበር እኔም እሱም እናውቃለን። ከሦስት ወር በፊት የአንድ ፎቶግራፍ መግለጫ አዛብቶ ነበር። ገና በማረሚያው ቅጂ ላይ ስለተገኘ በአንዲት የእስክሪብቶ ጭረት የሚቃና ነገር ነበር። እኔ ግን በባልደረቦቹ ፊት ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ አንዲት የፌዝ ቃልም ጨመርሁበት፤ ሰዎቹም ሣቁ። የዚያች ሣቅ ዋጋ ሁለት ስንኝ እንደነበረ የገባኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ፍጹምነትን የመሻት አባዜን እኛ በክብር ስም ነው የምንጠራው። «ጠንቃቃ ነው»፣ «እጁ ከገባ እንከን አይገኝበትም» እንላለን። እኔም ሕመሜን ለቋንቋ ያለኝ ፍቅር አድርጌ ስቆጥረው ኖሬአለሁ። ፖል ሂዊትና ጎርደን ፍሌት የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት ይህን ጠባይ በሦስት ለይተውታል፤ ሰው ከራሱ ፍጹምነትን ሲጠይቅ፣ ከሌሎች ሲጠይቅ፣ ሌሎች ከእሱ ፍጹምነትን እንደሚጠይቁ ሲያምን። ይህን ሳነብ ራሴን በመስተዋት ያየሁ ያህል ደነገጥሁ። በመጀመሪያው ስመካ ሁለተኛውን በባልደረቦቼ ላይ እጭን ነበር፤ ሦስተኛውን ደግሞ በዚያ ወጣት ልብ ውስጥ በገዛ እጄ ተክዬዋለሁ።

ሦስተኛው እኮ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ይሉኝታን ያህል የቅርብ ዘመድ አለው። ቃሉ ራሱ «ምን ይሉኛል» የሚለውን ፍርሃት ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ይሉኝታን ለመስደብ አልተነሣሁም፤ ይሉኝታ የሌለው ሰው ጎረቤት ከመሆን ይሰውራችሁ። ነገር ግን ይሉኝታ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣና የትጋትን ካባ ሲደርብ አደገኛ ይሆናል። አለቃው «ይህ ነው የእሱ ሥራ?» እንዳይባል ይፈራል፤ ፍርሃቱ በቁጣ መልክ ይወጣል፤ ቁጣውን ያየ የበታች ሠራተኛ ደግሞ በተራው ይፈራል፤ የፈራ ሰው ስሕተቱን ይደብቃል። የተደበቀ ስሕተት ማተሚያ ቤት ይገባል።

«የስሜት ብልህነት» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገን። ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1990 በጥናት መልክ አቀረቡት፤ ዳንኤል ጎልማን ደግሞ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ዓለም አወቀው። ከዚያ ወዲህ የሥልጠና አዳራሽ ሸቀጥ ሆኗል፤ በሁለት ቀን ወርክሾፕና በአንድ የምስክር ወረቀት ብልህ የሆነ አለቃ ስንቱን አይተናል! ጎልማንም ለሐሳቡ የሰጠውን ሰፊ ተስፋ ብዙ ተመራማሪዎች ተችተውበታል። እኔም መጽሐፉን በጥርጣሬ ነው ያነበብሁት። ነገር ግን ሸቀጡን ብናራግፈው አንድ ቁም ነገር ይቀራል፤ ስሜት በእኛ ስም ከመናገሩ በፊት ስሙን መጥራት።

አንዳንድ ሰው «ይህማ የአባቶቻችን ሆደ ሰፊነት ነው» ይለኛል። አይመስለኝም። ሆደ ሰፊ ሰው ቁጣውን ውጦ ያሳድራል፤ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን የዋጠው ምን እንደሆነ ላያውቀው ይችላል። እኔን ቁጣዬን ዋጥ ብትሉኝ ኖሮ እውጥ ነበር፤ ፊቴ ግን ያው ፊት ነው፤ ወጣቱም ስልኩን መልሶ ማስቀመጡ አይቀርም። የሚያስፈልገኝ ከቁጣው ሥር ያለውን ማየት ነበር። ባየሁት ጊዜ ደግሞ የቋንቋ ፍቅር አልነበረም። ልጅ ሳለሁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቆሜ አንዲት ቃል ስገድፍ ክፍሉ ሁሉ የሣቀብኝ ቀን ነበር። ያን ቀን ይዤ ሠላሳ ዓመት ስዞር፣ ያን ሣቅ ራሴ መልሼ በሌላ ሰው ላይ አሣቅሁት።

ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ሆስፒታል ቡድኖች ያሳተመችው ጥናት አለ። ጥሩ የሚግባቡ ቡድኖች በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ አነስተኛ ስሕተት ይኖራቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር። አኀዙ ግን ተገላቢጦሹን አሳየ፤ የሚግባቡት ቡድኖች የተመዘገበባቸው ስሕተት የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ነገሩን ስትመረምረው የደረሰችበት ማብራሪያ፣ እነዚህኞቹ ስሕተታቸውን ለመናገር ስለማይፈሩ ነው፣ የሌሎቹ ግን ተደብቋል የሚል ነው። ያኔ የእኛን መጽሔት አሰብሁ። ለካ ያ የምንኮራበት ንጽሕና ግማሹ ዝምታ ኖሯል።

ታዲያ የሚገርመኝ፣ ስሕተትን በአደባባይ የማረም ልማድ በቤታችን ነበረ። ቅኔ ቤትን ተመልከቱ። ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርብና ይናገራል። መምህሩ ይሰማል፤ ተፋልሶ ካለበት ይጠቁማል፤ ያርማል። ባልንጀሮቹም እየሰሙ ነው። የቅኔ መምህራን ለስላሳ ነበሩ ለማለት አይደለም፤ ምላሳቸው የሚቆርጥ እንደነበሩ የተማሩ ሁሉ ያወጋሉ። ነገር ግን ቅኔው የታረመበት ተማሪ ነገም ሌላ ቅኔ ይዞ መቅረቡ አይቀርም። መታረም የትምህርቱ አካል እንጂ የተማሪው ውርደት አልነበረም። የብራና ጸሐፊዎቻችንም እንደዚሁ ናቸው። ጸሐፊው የዘለለውን ቃል በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጎ ያስገባዋል። ስንት የበግና የፍየል ቆዳ የፈጀውን መጽሐፍ ስለ አንዲት ቃል አይጥለውም። ዛሬ እነዚያን መጻሕፍት ስናይ የኅዳጉ እርማት አያሳፍረንም፤ እንዲያውም የሰውዬው እጅ የሚታየን በዚያ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የማስበው ግን ስለ አንድ መዝገበ ቃላት ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝ መዝገበ ቃላት ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስረከቡት። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን አፈሰሱበት፤ እርሳቸውም ታትሞ ሳያዩት ዐረፉ። አደራውን የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ራሳቸው ደግሞ የአማርኛውን መዝገበ ቃላታቸውን በ1962 ዓ.ም. አወጡ። እነዚህ ሰዎች ለቃል ግድ የሌላቸው ነበሩ የሚል ይኖራል? ለአንዲት ፊደል የሚሟገቱ ሊቃውንት ናቸው። ሆኖም ያልተጠናቀቀ ሥራቸውን፣ ክፍተቱና ጉድለቱ እየታየ፣ ለሌላ ሰው እጅ ሰጡ። እኔ ብሆን ኖሮ፣ የዚያን ጊዜው እኔ፣ «ትንሽ ላስተካክለው» ስል ረቂቁ ሣጥን ውስጥ ይቀር ነበር። ያልበሰለ ሥራን ለባልንጀራ ማሳየት እውቀት ብቻ አይጠይቅም፤ መታመንን ይጠይቃል።

አሁን ተቃውሞው ይመጣል፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። «አንተ ሰው፣ መጻሕፍቶቻችን በፊደል ግድፈት እየታመሱ አንተ የፍጹምነት መብዛት አስጨነቀህ?» የሚል ወዳጅ አለኝ። እውነት አለው። ገጹ ተገለባብጦ የተጠረዘ ልብ ወለድ ገዝቼ አውቃለሁ፤ ግድየለሽነትንም እንደ ትሕትና ልሸጥ አልመጣሁም። ነገር ግን ወዳጄ ግድየለሽነትና የፍጹምነት አባዜ ጠላቶች ይመስሉታል። በአንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ አይቻቸዋለሁ። አለቃው ሁሉን ራሱ እንደሚያርም የታወቀበት ቤት ውስጥ ሌላው ለምን ይጨነቃል? የእኛም አራሚ ኋላ ላይ የነገረችኝ ይህንኑ ነው፤ «እርስዎ ዳግመኛ ማየትዎ አይቀርም ብዬ ሁለተኛ ማንበቤን ትቼ ነበር።» ይህን ስትል አልፈራችም፤ ያን ጊዜ መለወጥ ጀምረን ነበርና።

ለውጡ ትልቅ ነገር አልነበረም። በመጀመሪያ አዛውንቱ ዘንድ ሄድሁ። መጽሔቲቱን ተቀብለው ግጥማቸውን አዩ፤ እስከ ዐሥራ አራተኛው ስንኝ አነበቡና ከዚያ በታች ያለውን ነጭ ቦታ ጥቂት ተመለከቱት። ይቅርታዬን ጨርሼ ሳልናገር፣ «የሠራው ልጅ አለ አይደል? አላባረራችሁትም?» አሉኝ። አላባረርነውም አልሁ። ግጥሟ በሚቀጥለው እትም ሙሉዋን፣ ከይቅርታ ጋር ወጣች፤ የይቅርታው ጽሑፍ የእኔን ስም እንጂ የልጁን አልያዘም።

ከዚያም እያንዳንዱ እትም ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት አምስታችንም ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችን እርግጠኛ ያልሆንበትን ነገር እንድንናገር ተስማማን። በመጀመሪያው ጊዜ ሁሉም ዝም አለ። ጣራውን የሚያይ ያያል፣ ማኪያቶውን የሚያማስል ያማስላል። እኔው መጀመር ነበረብኝ። በርእሰ አንቀጹ ውስጥ የአንዲትን ቃል ሥር ከግእዝ ነው ብዬ በድፍረት ጽፌ እንደነበር፣ ሳጣራው ግን እንዳልተረጋገጠልኝ ተናገርሁ። ይህን ስናገር ጆሮዬ ግሎ ነበር፤ ለሌላው ቀላል የሚመስል ነገር ለእኔ ጥርስ የመንቀል ያህል ነበር። በሁለተኛው እትም አራሚዋ ተናገረች። በሦስተኛው ጊዜ ስብሰባው ከመርዘሙ የተነሣ ሰዓት ልንወስንለት ግድ ሆነ።

አንድ የቆየ ባልደረባችን ግን አልወደደውም። «መጽሔት ነው የምናዘጋጀው ወይስ ንስሐ እየገባን ነው?» ይል ነበር። እሱ እስከ መጨረሻው ምንም እርግጠኛ ያልሆነበት ነገር አልተገኘበትም። ተውነው።

ድኛለሁ አልልም። ቀዩ እስክሪብቶ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው፤ ግድፈት ሳይ እጄ ያሳክከኛል፤ ፊቴም ከአእምሮዬ ይቀድማል። አንድ ቀን ማምሻውን ያ ወጣት የማረሚያውን ቅጂ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። እትሙ በማግስቱ ጠዋት ይገባ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር አበላሽቻለሁ» አለኝ።

ያ የድሮው ትኩሳት ከአንገቴ ወደ ፊቴ ሲወጣ ተሰማኝ። አየሁት፤ እሱም ያየው ይመስለኛል፤ ነገር ግን ከበሩ አልተመለሰም። ወንበር ሳብሁለት።

«ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» አልሁት።