ቦሎ የሌላት ባጃጅ በግቢዋ ትቀመጥ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ አንበሳሜ

ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ መልካም ጠባይ የሚጽፉ ጓደኞቼ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ እኔ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ ቦሎ ጥቂት ለመናገር ፈቀድሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የገጠር ልጅ ነኝ። አንበሳሜ ተቀምጬ የምማረው አጎቴ በባጃጃቸው ሠርተው የቤት ኪራዬን ስለሚከፍሉልኝ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ቃል በመጀመሪያ የሚነካው የራሴን እንጀራ ነው።

ባለፈው ዓመት የባጃጇ ቦሎ ጊዜው አለፈ። አጎቴ ግን «የዛሬን ልሥራ፤ የነገን እግዜር ያውቃል» እያሉ፣ ዋናውን መንገድ ትተው ሁለት ወር ያህል በውስጥ ለውስጥ ሲሠሩ ከረሙ። «አያ፣ እስኪታደስላት ቆማ ብትሰነብትስ?» ብላቸው፣ «እሷ ከቆመች አንተም ከትምህርትህ ትቆማለህ» አሉኝ። መልስ አጥቼ ዝም አልሁ። አንድ የገበያ ቀን ግን ፍሬኗ እንቢ ብሎ ሩዝ የተሸከመች ሴት ገፍታ ጣለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተቀደደው ጆንያው ብቻ ነበር። የፈሰሰውን ሩዝ ከአፈር ስለቅም፣ «እግሯ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮስ?» የሚል ሐሳብ ልቤን ወጋው።

ብዙ ሰው ቦሎን የገንዘብ ደረሰኝ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ ሁሉ በየዓመቱ እንዲመረመር ደንግጓል። ቦሎው የሚለጠፈውም ፍሬኑ፣ መሪው፣ መብራቱና ጎማው ታይቶ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ተገብቶ፣ የዓመቱም ክፍያ ተከፍሎ ነው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66 ሲቋቋም፣ ለመንገድ ጥገና ከታሰቡት ገቢዎች አንዱ ይኸው የተሽከርካሪ ዓመታዊ የፈቃድ ማደሻ ክፍያ ነበር። እንግዲህ ሳንከፍል እየነዳን ጉድጓዱ በዛ ብለን ብናማርር ማን ይሰማናል?

«መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰው የሚከፍል ፈንድ አለ አይደለምን?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ይህን ደንግጓል። ነገር ግን ገንዘቡ የሚጠራቀመው መድን ከገቡት ሰዎች ክፍያ ነው። መድን ሳይገባ የሚነዳ ሰው፣ እድር ሳያዋጣ ድንኳኑ እንዲተከልለት እንደሚጠብቅ ሰው ነው።

ይህን ስል የባለንብረቱ ችግር አይታየኝም ማለት አይደለም። በእንግሊዝ አገር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ግብር ያልከፈለ ባለመኪና «መኪናዬ ከመንገድ ወጥታለች» ብሎ ለመንግሥት ያስታውቃል። መኪናዋ በግል ግቢ እስከ ቆመች ድረስ የመንገድ ግብር አይጠየቅባትም፤ በሕዝብ መንገድ ዳር ብትቆም ግን ያስቀጣል። ይህ አሠራር ድኻውንም መንገደኛውንም ያስባል። በእኛም ከተማ ባለንብረት «ዘንድሮ አቅም የለኝም፤ አቁሜአታለሁ» ብሎ ያለ እፍረት የሚያስታውቅበትና የሚታመንበት ልማድ ቢዳብር መልካም ይመስለኛል። በስውር ከመንዳት በግልጽ ማቆም ይሻላልና።

አጎቴ ከዚያ ቀን በኋላ ባጃጇን ሦስት ሳምንት አቁመው ፍሬኗን አሠሩ፤ አስመርምረውም ቦሎዋን አደሱ። እኔም የወሩን ኪራይ ለመሙላት ቅዳሜና እሑድ ጆንያ ተሸከምሁ። ጀርባዬ ቢታመምም ከትምህርቴ አልቆምሁም። ያች ሴትም ዛሬ በመንገድ ስታገኘኝ «ደኅና ነህ ልጄ?» ትለኛለች።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በየቤታችሁ ባጃጅ ወይም ሞተር ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ቦሎውን ተመልከቱ። ጊዜው አልፎ እንደ ሆነ ለአባታችሁ ወይም ለአጎታችሁ በአክብሮት ንገሩ። እኔ እንዳደረግሁት ሩዝ እስኪፈስ አትጠብቁ።