ሐረር የምትሸጠው ጅብ ነው ወይስ ድንጋጤ?

ሲመሽ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በፈላና በር ወይም በሰንጋ በር በኩል፣ ጅብ አብሊው ሥጋውን ይዞ ይቀመጥና ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራል። ከጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው ዓይን ብቻ ነው። “ጅብ መጣ!” እየተባለ ያደገው የአዲስ አበባ እንግዳ ከፈረንጁ የባሰ ይርዳል። ሥጋ የተንጠለጠለበት አጭር እንጨት ይሰጠዋል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ይዘረጋል፤ ጅቡ ሥጋውን ላፍ አድርጎ ዞር ይላል። ከዚያ በኋላ ሳቅ ነው። እንግዳው አገሩ ተመልሶ የሚያወራውም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ የሐረር ሸቀጥ ድንጋጤውና የድንጋጤው መብረድ ነው፤ ጅብማ የትም አለ። ጅቡ ደግሞ በቀን ቢመጣ ኖሮ፣ ድሬዳዋ ላይ ከአውሮፕላን የወረደው ጎብኚ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውን ጀጎልን ዞሮ፣ ማታውኑ በተመለሰ ነበር። የሚያሳድረው ጅቡ ነው። የአልጋው፣ የእራቱ፣ የባጃጁ፣ በማግስቱም የሚገዛው የአደሬ ስፌት ገበያ ከዚያች ሰዓት ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ሸቀጥ ግን ቶሎ ይበላሻል። የመኪና መብራት ቦግ ብሎ፣ ሞተር እየጮኸ፣ ብዙ ሰው ስልኩን ደቅኖ ሲከብ ጨለማውም ድንጋጤውም የለም። ጎብኚው ፎቶ ይዞ ይሄዳል፤ የሚያወራው ግን አይኖረውም። ሩዋንዳ ጎሪላ የምታሳየው በአንድ ጊዜ ለ8 ሰው፣ ለ1 ሰዓት ብቻ ነው፤ የውጭ ጎብኚንም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ 1,500 ዶላር ታስከፍላለች። ሐረር እንዲህ ታስወድድ የሚል የለም፤ ሰዉን በትንሽ በትንሹ እየከፈለች፣ መብራቱን አጥፍታ ታሳይ ነው ነገሩ።

“ሰው ከቀነሰ አብሊው ምን ይበላል?” ማለት ተገቢ ነው። ሆቴሉ ሒሳቡን በደረሰኝ ሲሰበስብ እሱ የሚጠብቀው እንግዳው በእጁ የሚያስጨብጠውን ነው። ከአልጋው ሒሳብ ላይ ድርሻው ቢታሰብለት ከጉዳዩ ሁሉም ይጠቀማል።

ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ሐረር ግን ያውቁታል፤ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ የከተማውን ጥራጊ ይለቅማል፣ በአሹራ ገንፎ ይቀርብለታል። እንግዳ በጠፋበት ማታም ይመጣል፤ ያን ማታም ሥጋው መገዛት አለበት።