መጽሐፍ ሳይተዉ ያለፉ መምህራን

መካነ ሰላምም ሆነ ወግዲ ብትሄዱ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን ስም የማያውቅ የለም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፉት «መጽሐፈ ምሥጢር» ዛሬም ይመሰክርላቸዋል። መጽሐፍ ሳይጽፉ፣ አስተምረው ብቻ ያለፉ እናቶችንስ ማን ያስታውሳቸው?

ከዓባይ ማዶ ጎጃም ውስጥ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ቅኔ አስተምረዋል፤ ወንዶቹ ሊቃውንት ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። በየካቶሊክ ትምህርት ቤቱ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ያረፉ ሲስተሮችም እንዲሁ መጽሐፋቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው።

ተማሪ ግን ያረጃል፣ ይሞታል። ተዝካርና ፍትሐት ለነፍሳቸው ነው፤ ታሪካቸውን መጻፍ የእኛ ዕዳ ነው። እናታችሁን ያስተማሩ እማሆይ ወይም ሲስተር ካሉ ዛሬውኑ ጠይቁ፦ ከየት መጡ? ምን አስተማሩ? የት አረፉ? የሚያስታውሷቸው በሕይወት ሳሉ ጻፉት።